ለሦስት ቀን መጥተው ለሚያለቅሱልን

ባሕር ዳር ተወልደው ወይ አድገው ከሄዱ በኋላ፣ በየአምስት ዓመቱ አንዴ ብቅ ብለው «ወይኔ ከተማዬ!» ለሚሉ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ አንድ የምስጋና ቃል ያቀረበ የለም። ነውር ነው። እኛ እዚሁ የቀረነው «ውኃ ዛሬ ትመጣለች፣ አትመጣም» በሚል ተራ ወሬ ተጠምደን ለከተማዋ ማዘኑን ረስተነዋል። እነሱ ግን በአውሮፕላን አንድ ሰዓት፣ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ተጉዘው፣ ከሥራ ፈቃዳቸው ሦስት ቀን ቆርሰው ያለቅሱልናል። እግዜር ይስጥልን።

ሥራው የማንም እንዳይመስላችሁ፤ ሙያ አለው። ክቡር ተመላሽ ባጃጅ ሲይዙ የሚሄዱበትን ሰፈር አይናገሩም፤ ድሮ የነበረውን ነው የሚናገሩት። «ያ ትልቁ ዋርካ ጋ፣ ሻይ ቤቷ ፊት ለፊት» ይላሉ። ሹፌሩ የተወለደው ዋርካው ከተቆረጠ፣ ሻይ ቤቷም ፎቅ ከሆነች በኋላ ነው። ሌላ መንገደኛ ቢሆን እግሩን ሳያስገባ «ተራ ነው ኮንትራት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ባዶ ባጃጅ አስቁሞ ዝም ብሎ ለገባ ሰው ጉዞው ኮንትራት ይሆናልና። ተመላሻችን እንዲህ ባለ ዝርዝር አይወርዱም። ከፓፒረስ ወደ ቀበሌ 14፣ ከቀበሌ 14 ወደ ሽምብጥ ዋርካ ሲያፈላልጉ ይቆዩና ሒሳቡን ሲሰሙ «የባሕር ዳር ሰው እንዲህ አልነበረም!» ይላሉ። ቀጥለውም «ይህች እኮ የሳይክል ከተማ ነበረች» ብለው ይተክዛሉ። ሳይክል ግን አይከራዩም፤ ላብ አለው።

ዋናው ሙያ የቤት ለቤቱ ጉብኝት ነው። ክቡር ተመላሽ በር ላይ ይቆማሉ፤ ፀሐይን ከጀርባቸው አድርገው፣ ስማቸውን ሳይናገሩ «እማማ፣ እስቲ ማን ነኝ?» ይላሉ። አቋቋማቸው የታሰበበት ነው። ብርሃን ከኋላ ሲመጣ የሚታየው ጥላ ብቻ ነው፤ የእማማን ዓይን ደግሞ ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። እማማ የታላቅ ወንድማቸውን ስም ይጠራሉ፤ አይደለም። የጎረቤቱን ልጅ ይጠራሉ፤ አይደለም። በሦስተኛው የሞተ ሰው ጠርተው ያማትባሉ። የጨዋ ልጅ ቢሆን ጉልበት ስሞ «የእገሊት ልጅ ነኝ፣ ከወፍጮ ቤቱ በታች የነበርነው» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይገላግላቸው ነበር። ተመላሻችን ግን ፈተናውን እስከ ደወሉ ይፈትናሉ። ውጤቱም በሚቀጥለው ቤት ይነገራል፦ «እማማ እንኳ ረሱኝ!»

ከዚህ የሚልቀው «ጋሼስ የት ሄዱ?» የሚለው ነው። ጋሼ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚች አንዲት ቃል ቤቱ እንደ አዲስ ይላቀሳል፣ ጀበናው ይገነፍላል፣ ተዝካሩን አውጥተው የተጽናኑ ልጆች ወደ ጓዳ ይገባሉ። ይህን ለማስቀረት አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ሰፈሩ መግቢያ ላይ ያለ ባለሱቅ ወይም የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ማን እንዳረፈ፣ መቼ እንዳረፈ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ያንን የሰማ ሰው በመጀመሪያው ቀን፣ ጠዋት፣ ሌላ ቤት ሳይቀምስ ያልደረሰበትን ለቅሶ ይደርሳል፤ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ከሩቅ ስትታይ የቤቱ ሰው ለምን እንደመጣች ያውቃል። ክቡር ተመላሽ ግን ዕንባን በድንገት ማስመጣት ያውቁበታል።

ዕንባው ሲደርቅ ዶሮ ይታረዳል። እመጣለሁ አላሉም፣ ሰዓት አልሰጡም፤ ሆኖም በጎጃም ቤት ከሩቅ የመጣ ልጅ በሽሮ አይሸኝም። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ደቆ ተከትፎ ያለ ዘይት እስኪጠቁር ሲቁላላ፣ በርበሬው በጠብታ ውኃ ሲበስል፣ አሥራ ሁለቱ ብልት በሎሚና በጨው ሲታጠብ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ተመላሻችን ይህን ያህል ሊጠብቁ ነው? ሃያ ደቂቃ ተቀምጠው «ገና አራት ቤት አለብኝ» ብለው ይነሣሉ። ሲለመኑ ቆመው ለወጡ የተቀቀለችውን እንቁላል በአንድ ጉርሻ ያነሷታል። ብሯንም አጥፈው፣ ሁሉ እያየ፣ በእማማ እጅ «ለቡና» ብለው ያስጨብጣሉ። ያቺ ብር ዶሮ ትገዛ እንደሆነ የሚጠይቅ ምቀኛ ነው።

ለጣናም ያለቅሳሉ። ከሐይቁ ዳር ካፌ ማኪያቶ አዘው፣ ውኃው ዳር የበቀለውን አረንጓዴ ፎቶ ያነሡና «እንቦጭ ጣናን ጨረሰው» ብለው ይለጥፉታል። ያነሡት ደንገል ነው። እንቦጭ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቅጠሉ ክብ፣ የቅጠሉ እጀታ ያበጠ፣ አበባው ሐምራዊ ነው። ደንገል ግን ሥሩን ጭቃ ውስጥ ተክሎ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል፣ ጫፉም ይበተናል፤ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩበት፣ ዓሣ የሚራባበት፣ ለእርሻ እየተመነጠረ ያለቀብን እሱ ነው። የእንቦጩ መከራ በአብዛኛው ያለው በሰሜን ምሥራቁ ዳር፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። እዚያ ያለው ገበሬ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል፤ ማኪያቶ ግን የለም።

ጢስ ዓባይን ለማየት ክቡር ተመላሽ የሚመርጡት ወር ግንቦት ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ተጉዘው ገደሉ ላይ የተንጠለጠለች ቀጭን ውኃ ያገኙና «ፏፏቴውን ምን አደረጋችሁት?» ብለው አስጎብኚውን ያፋጥጡታል። ልጁ ምን ያድርግ? ከ1956 ጀምሮ ከፏፏቴው በላይ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል፤ በ1988 ጨረጨራ ላይ የተሠራው ግድብ የሐይቁን መውጫ ይቆጣጠራል፤ በ1993 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ተጨመረ፤ ከ2002 ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ውኃውን በዋሻ ወደ በለስ ይወስደዋል። በመስከረምና በጥቅምት፣ ሐይቁ ሞልቶ በሮቹ ሲከፈቱ ለመጣ ሰው ጢሱ ዛሬም ልብስ ያረጥባል። በመስከረም ግን ለቅሶው አያምርም። ተመላሻችን በዚያው መብራት ስልካቸውን ሞልተው ሐዘናቸውን ለዓለም ያደርሳሉ።

ግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይም አልተረፈም። «የድሮው ላይ ቆመን ጉማሬ እናይ ነበር» ይላሉ። አዎ፣ ቆመን ነበር፤ የጭነት መኪናው እስኪያልፍ።

ማታ ዓሣ ይታዘዛል። ቆሮሶ፣ ሙሉውን፣ በቢላ ተተልትሎ የተጠበሰ። «ድሮ ከሳህኑ ያልፍ ነበር» ይባላል፤ ልክ ናቸው፣ ዛሬ ያንሳል። መረቡ በዝቷል፣ የመረቡም ዓይን ጠቧል። ነጭ ዓሣውማ ክረምት ሲወጣ እንቁላሉን ሊጥል ጉማራና ርብ ወንዞች አፍ ላይ ሲሰበሰብ እዚያው ይታፈሳል። ይህን ከሰሙ በኋላ ክቡር ተመላሽ አስተናጋጇን ጠርተው «ከነእንቁላሏ አለሽ?» ይላሉ።

በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ልጆች የቴሌግራም ቡድን ይከፈታል። ለትምህርት ቤቱ መጽሐፍ፣ ለእማማ የዓይን ሕክምና፣ ለእድሩ ድንኳን ይታቀዳል፤ ገንዘብ ያዥም ይመረጣል። በሳምንቱ ቡድኑ ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚጻፍበት ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ «ነፍስ ይማር» የሚለውን ቀድመው የሚጽፉት ግን ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው።

መሄጃው ሲደርስ ለአዲስ አበባ ዘመድ የሚሆን አምስት ኪሎ ፊሌቶ ይገዛል። የሚያውቅ ሰው ከሁለት ቀን በፊት ገዝቶ፣ ፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ እስኪሆን አድርቆ፣ በፌስታል፣ ከዚያ በወፍራም ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ካርቶኑን በሲባጎ ያስረዋል። ተመላሻችን የሚገዙት በዋዜማው ማታ ነው፤ ሁለት ፌስታል ይበቃቸዋል። አውቶቡሱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል። እስከ ደጀን ማንም ምንም አይልም። እኩለ ቀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወረድ፣ ሙቀቱ ሲመጣ፣ መስኮት በየተራ ይከፈታል፤ እናቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። ተመላሻችን ከሁሉ ቀድመው ዞር ዞር ይሉና «የማነው ይሄ?» ብለው ይቆጣሉ። ረዳቱ ፈልጎ አግኝቶ ፖርቶመጋላ ላይ ይሰቅለዋል፤ እስከ ጎሐ ጽዮን ገና ዳገቱ ሙሉ አለ፣ ፀሐዩም ከላይ ነው።