የጀርመን ሲሆን ቅርስ፣ የጎንደር ሲሆን ብድር?

ሰሞኑን ስለ ስግድ፣ ስለ እኛ ስለ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) በዓል፣ በተደረገ ውይይት ላይ አንድ እንግዳ ስለ ቄሶቻችን የጸሎት ዜማ እንዲህ አለ፦ «ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተቀዳ ስለሆነ ምኩራብ ውስጥ ቦታ የለውም። የእኛ ግን ከሲና የመጣ ነው።» አዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም። እኔ ግን ቤቴ ሆኜ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ከሲና? እሺ፣ ከሲና እንጀምር። አሽከናዚዎች፣ ማለትም የጀርመንና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች፣ «ሚሲናይ» የሚሏቸው ዜማዎች አሏቸው፤ ቃሉ «ከሲና» ማለት ነው። በዮም ኪፑር (የማስተሰረያ ቀን) ዋዜማ የሚጸለየው የኮል ኒድሬ ዜማ ከነሱ ይቆጠራል። የተወለዱት ግን በመካከለኛው ዘመን፣ ራይን ወንዝ ዳር፣ እነ ዎርምስና ማይንዝ ሰፈር ነው። ሙሴ በዚያ በኩል አላለፈም።

በሐኑካ፣ በሻማው በዓል፣ የሚዘመረውን ማዖዝ ጹርንም እንየው። የታወቀው ዜማ ከድሮ የጀርመን ዘፈንና ከሉተራኖች መዝሙር ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ኻባድ የሚባለው የአጥባቂ አይሁዶች ንቅናቄ ተከታዮች ደግሞ በዮም ኪፑር ማብቂያ፣ ሙሉ ቀን ጾመው ከንፈራቸው ደርቆ፣ ሾፋሩ (ቀንደ መለከቱ) ሊነፋ ሲል ምን ያዜማሉ? የናፖሊዮንን ማርሽ! የፈረንሳይ ወታደር የተሰለፈበትን! ያውም መሪያቸው ሽኔዎር ዛልማን የናፖሊዮን ጠላት ነበሩ። ከሶርያዋ ሐለብ የመጡ አይሁዶችም ጸሎታቸውን በመቃም፣ በዓረቦች የዜማ ስልት፣ ይመራሉ፤ በግብጻዊው መሐመድ አብደል ወሃብ ዜማ ላይ የዕብራይስጥ ግጥም ጭነው ይዘምራሉ። የእስራኤል የሴፋርዲ አይሁዶች ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ራሳቸው የዓረብ ዜማ ለጸሎት ይሆናል ብለው ፈርደዋል። እነዚህን ሁሉ «ከምኩራብ ውጡ» ያላቸው የለም። ብድሩ ብድር የሚባለው ግዕዝ ሲናገር ብቻ ነው እንዴ?

ከቤተ ክርስቲያኗ ዜማ ጋር ዝምድናው አለ፣ አልክድም። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ሸለሜይ እ.ኤ.አ. በ1973 መንደራችን ድረስ ሄዳ ቀርጻ፣ በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍ የጸሎታችንን ሥር ከኢትዮጵያ ገዳማት ጋር አያይዛዋለች። ግን ይሄ ምኑ ነው ምስጢር? የኛ ሽማግሌዎች እኮ አባ ጽብራ የሚባል የክርስቲያን መነኩሴ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን መጥቶ ከእኛ ጋር እንደኖረ፣ ጸሎትም እንዳስተማረ ከጥንት ጀምሮ ሲያወሩ ነው የኖሩት። እንግዳው ያጋለጠው ነገር ቡና ላይ የሚወራ ነው።

ደግሞ «የተቀዳ» የሚል ሰው ጆሮ ያለው አይመስለኝም። ቄሶቹ ሲጸልዩ መቋሚያ የለም፣ ጸናጽል የለም። ነጋሪትና ቃጭል ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ ሳይጨርስ ይደርቡበታል። ሁሉም በየራሱ እርምጃ ይሄድና መጨረሻ ላይ ይገናኛል። በምልክት የተጻፈ ዜማም የላቸውም። ቄስ አጎቴን ከየት ተማሩት ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ከአባቴ ጀርባ ቆሜ» ነው ያሉኝ። ካሴት ልቅዳዎት ስላቸው ግን መጀመሪያ ጥላቸውን አስያዙኝ፣ ቀጥሎ ዝም አሉ።

ለማንኛውም እንግዳችን የፊታችን ሐኑካ ሻማ አብርቶ ማዖዝ ጹርን ሲዘምር፣ ዜማውን ላዋሱት ሉተራኖች አንድ ምስጋና ጣል ያድርግልን።