ግልጽ ደብዳቤ ለሽንት ቤት ቁልፍ

ቁጥር፦ የለውም
ለ፦ ክቡር የሽንት ቤት ቁልፍ
አድራሻ፦ ጥበቃው ኪስ ውስጥ፣ አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ ከትልቁ አንጀቴ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባል በሽታ አለብኝ። የሰውነቴ መከላከያ ጠላት ያጣ ይመስል የራሴን ትልቅ አንጀት ይወጋል። አንጀቱ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል። ከዚያ ረገብ ይላል፤ ሰው ሆንኩ ስል ደግሞ ይነሳል። ሲነሳ ያጣድፋል። እንዲህ ያለው ጥድፊያ ቀጠሮ አያውቅም።

በዚህ ሰሞን የአንጀቱን ቁጣ የሚያበርደውን ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት እየቀነስኩ ነው። ስሙ ፕሬድኒሶሎን። በ40 ሚሊግራም ጀመርን፣ በየሳምንቱ አምስት አምስት እያልን እንወርዳለን። «ለምን በአንዴ አታቆመውም?» ለሚሉኝ ሁሉ (አዲስ አበባ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም) መልሱ ይኸውና። መድኃኒቱ ሲከርም ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ሥራቸውን ሌላ እየሠራላቸው ስለሆነ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። በድንገት ከተቋረጠ ሰውነት ባዶ እጁን ይቀራል፤ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ቀስ ተብሎ ይወረዳል። ችግሩ እኛ ስንወርድ በሽታው መንቃቱ ነው። 15 ላይ ስንደርስ ነቃ።

አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ ፊት ያሳብጣል። ጉንጬ ድፎ ዳቦ አክሏል። እየደማሁ የምሄደው ሰውዬ ለሚያየኝ ሁሉ ገና ከክፍለ ሀገር ቅቤ ጠጥቶ የተመለሰ ነው የምመስለው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ።

ሐኪሜ መጀመሪያ ሰገራ ይታይ አለ። ኢንፌክሽን አለመሆኑ ሳይታወቅ የስቴሮይዱን መጠን ከፍ ማድረግ አይሆንም፤ እኔ ደግሞ በራሴ ሥልጣን ማድረጉ ጭራሽ አይፈቀድልኝም። ልክ ነው። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ ሕንጻ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ላብራቶሪ። ካርድ አወጣሁ፣ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ፣ ደረሰኙን በመስኮት አስረከብኩ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ስሜ የተለጠፈበት ባለ ክዳን ዕቃ ሰጠችኝና «ትኩሱን ነው የምንፈልገው» አለች። እህቴ፣ እሱ ላይ እንኳ ችግር የለም።

ሽንት ቤቱ ተቆልፏል።

ሰገራ አምጡ የሚል ቤት ሽንት ቤቱን ቆልፏል። ቁልፉ የት ነው? ታች፣ ጥበቃው ጋ። ወረድኩ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ቢሰጡኝ።»

«ደረሰኝ።»

«ላብራቶሪው ወሰደው።»

«ያለ ደረሰኝ አልሰጥም ልጄ፣ ታዝዣለሁ።»

ዕቃውን አሳየኋቸው። ስሜ አለበት፣ የካርድ ቁጥሬ አለበት። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አገላብጠው አዩት። «ይሄ እኮ ባዶ ነው» አሉኝ።

እኔም እኮ የምለው እሱን ነው!

«ለመሆኑ ሽንት ነው ሌላ?» ብለው ጠየቁኝ፤ በር ላይ ለሚፈተሸው ሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «ሽንት ከሆነ ከጄኔሬተሩ ጀርባ...» ሌላ ነው አልኩ። የተሰለፈው ሁሉ ሌላ መሆኑን አወቀ። ከነሱ መሀል አንዱ የድሮ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሆኖ አረፈው። «አንተ! ወፍረህ የለ እንዴ! ተመችቶሃል በለኛ!» እጁን ዘርግቶ መጣ። ዕቃዬን እንደያዝኩ ትከሻ ለትከሻ ተጋጨን። ልጆች እንዴት ናቸው አለኝ። ባለቤትህስ? ሥራስ? ጥርሴን ነክሼ ሁሉም ደህና ነው አልኩ።

ደረሰኝ ልጠይቅ ተመልሼ ወጣሁ። መስኮቱ ጋ ወረፋ አለ። «ወንድሜ፣ ሁላችንም ታመን ነው የመጣነው» አሉኝ አንዲት እናት። ምን ይመለሳል? ቆምኩ። ቅጂው ወጣ፣ ማህተም ተረሳ፣ ማህተም ተመታ። ወረድኩ። እርስዎም በመጨረሻ ከኪስ ወጡ፤ አንድ ክንድ ከሚሆን ጣውላ ጋር በሽቦ ታስረው። ይዤዎት ወደ ላይ ሮጥኩ።

አልደረስኩም።

ደረጃው ላይ ነው የቀረሁት። ልጆች ያሉኝ ሰው፣ አንተን በእጄ እንደያዝኩ። ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩና ሽቅብ ወደ ፒያሳ በእግሬ ሄድኩ፤ እንደዚያ ሆኖ ታክሲ ላይ ማን ይቀመጣል? ማነኝ ብለህ ነው? ምን እንዳይሰረቅ ነው የምትጠብቀው? ውስጥ ሳሙና የለም። ሶፍት የለም። ውሃ ከመጣም በበርሜል ነው። የታመመ ሰው ሊታከም በገባበት ሕንጻ፣ በከፈለበት ቀን፣ አንጀቱን ለጥበቃ ዘርዝሮ ማስፈቀድ ያለበት በየትኛው አገር ሕግ ነው? እኔስ ወንድ ነኝ፣ ሹራብ አሰርኩ። ያቺ ወረፋ ላይ የነበረች ነፍሰ ጡር ምን ታድርግ? በእግራቸው መቆም ያቃታቸው አዛውንትስ? ለዚህ ሁሉ ሰው መልሱ ጣውላ ነው?

አንቱታው አመለጠኝ። ፕሬድኒሶሎን ያነጫንጫል ይባላል፤ እውነት ነው። እንቅልፍም ይነሳል፤ ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ይሄኛው ንዴት ግን የራሴ ነው።

በነገራችን ላይ የዚህን መድኃኒት ቤተሰብ ዘር ቢቆጥሩ ትልቅ ነው። ኬንዳል፣ ራይክስታይንና ሄንች የተባሉ ተመራማሪዎች የእነዚያን ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች ሆርሞኖች አጥንተው በ1950 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ቁልፍን ከጣውላ ጋር ያሰረው ሊቅ ግን እስከ ዛሬ አልተሸለመም። ያሳዝናል።

ስለ ዘመዶችዎም ቅሬታ አለኝ፣ አላስረዝመውም። ካፌ ውስጥ ያሉት ካሸሯ ጋ ነው የሚውሉት፤ እሳቸውን ለማግኘት ማኪያቶ ማዘዝ ግድ ነው፤ ማኪያቶ ደግሞ ለእኔ አንጀት ቤንዚን ነው። መሥሪያ ቤት ያሉት ከኃላፊው ጋር ስብሰባ ላይ ናቸው። በኮሪደሩ ዳር አዲስ የተሠሩት የሕዝብ መጸዳጃዎች ይባረኩ፤ ሰሞኑን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የምሄድበትን መንገድ የምመርጠው በነሱ ነው። ቤተሰቤ ይህን አያውቅም፤ ዎክ እያደረገ ነው ብለው ደስ ይላቸዋል።

ውጤቱን ማወቅ ከፈለጉ፣ ናሙናውን በማግስቱ ከቤቴ ይዤ ሄድኩ። ኢንፌክሽን የለም፤ በሽታው ራሱ ነው። ሐኪሜ ወደ 20 መለሰኝ። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በኋላ እውጣለሁ፤ ሲረጋጋ ቁልቁለቱን እንደገና እንጀምራለን፤ ከዚያ ለክትትል እዚያው ሕንጻ እመጣለሁ። እስከዚያ በሩ ላይ ባለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥለው እንዲጠብቁኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ሚስማሩ አለ፤ አይቼዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የትልቅ አንጀት ባለቤት

ግልባጭ፦
ለጥበቃ ክፍል
ለጄኔሬተሩ ጀርባ
ለድሮ ባልደረባዬ፦ ልጆቹ በእውነት ደህና ናቸው፤ እኔ ግን አልተመቸኝም