ክርክር፦ ነገ ይሻለናል ወይ?

ጥያቄው ደሴ ላይ ቡና እየተጠጣ የተነሳ ነው። «በዚህች አገር ተስፋ ለማድረግ ምን ምክንያት አለ?» የሚል። ሁለት የወሎ ሰዎች በጽሑፍ ተከራከሩበት። አንደኛው የደሴ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ የነበረች ወጣት ናት።

መምህሩ፦
በ1977 ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። ከላስታና ከዋግ የተነሳ ሰው መንገድ ዳር ሲወድቅ አይቻለሁ። ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ «አቤት» የሚል ያጣሁበት ቀን ብዙ ነው። በ1965 እና 66ም እንዲሁ አልቀናል። ያኔ ረሃቡ ተደበቀ፤ መደበቁ ንጉሡን ከጣሏቸው ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

አሁን 2008ን እናስታውስ። በ2007 በልጉም ክረምቱም ከዳን። በማግስቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። ከብት አለቀ፣ ሰው ተቸገረ። በ1977 ኮረም ላይ ያየነው ዓይነት እልቂት ግን አልተደገመም። ለምን? ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት፣ ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጥ ድጋፍ፣ ነበር። እህል የሚደርስበት መንገድ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይሄዱ ነበር። ዝናቡን ማንም አላመጣውም። ሰው እንዳያልቅ ያደረገው ግን የሰው ሥራ ነው። ተስፋዬ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ወጣቷ፦
ጋሼ፣ ያዩትን አልክድም። እናቴም ታወራናለች። ግን «አልሞትንም» እና «ይሻለናል» አንድ ናቸው እንዴ?

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ተመረቀ። እኔም ሥራ የገባሁት በዚያ ሰሞን ነው። ደሞዙ ከቤት ኪራይና ከምግብ አያልፍም፤ ቢሆንም የራሴ ነበር። በ2014 ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም አዳረሰ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ወደ አገሯ ያለቀረጥ ከሚያስልከው ከአጎዋ ሕግ አስወጣች። ያለቀረጥ መላክ ሲቀር ትእዛዝ ቀረ። ትእዛዝ ሲቀር እኛም ቤት ቀረን። ምን አጥፍቼ ነው? ቀን ከሌት ሠርቻለሁ። ከአዋሽ የመጣው ሐዲድም ከተነጠፈ ስንት ዓመቱ፤ ባቡር ግን አልተሳፈርንም።

ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ነው። በ2015 ከ100 ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ይህን ያውቃል። በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ የሚያደርሰውን መንገድ፣ ጓደኞቹ ከሒሳብ ቀመር አብልጠው ይዘውታል። በዚህ ነው የማልተኛው።

መምህሩ፦
ልጄ፣ ከፈተናው ልጀምር፤ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ነው። ውጤቱ ያማል። ግን ከዚያ በፊት ፈተና ሲሰረቅ፣ መልስ በስልክ ሲዞር ኖረናል። ያ 3 ያለንበትን ቦታ አሳየን። በ2017 ወደ 8 ከፍ ብሏል። ትንሽ ነው፤ ግን ልጆቹ ራሳቸው ሠርተው ያመጡት ነው።

የሕዳሴ ግድቡንም እዪው። በ2003 ሲጀመር የአንድ ወር ደሞዜን ከፋፍዬ ቦንድ ገዛሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። 14 ዓመት ፈጀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። የውጭ አበዳሪ ሲጠፋ የአስተማሪውና የሊስትሮው ገንዘብ ገባበት።

ከሁሉም በላይ ግን የምተማመነው በቅሬያችን፣ በሰፈር እድራችን ነው። በ2014 ሆስፒታል ሳይቀር ተዘርፎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሰፈራችን ሬሳውን ያነሳው፣ ለተራበው ቤት እህል ያዋጣው ቅሬው ነው። ሼኩም ቄሱም አንድ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። እኔ እንኳ ስንት መንግሥት ሲቀየር አየሁ። ይሄ አልተቀየረም።

ወጣቷ፦
ቅሬውን አልነካም። አባቴን የቀበረልን እሱ ነው። ግን ጋሼ፣ ቅሬ ይቀብራል፣ ያጽናናል እንጂ ሥራ አይቀጥርም። መከራ መቻላችንን ስናደንቅ፣ መከራው ለምን እንደሚመላለስብን መጠየቁን ተውነው። ዛሬም ዘመድ ለመጠየቅ ከመነሳቴ በፊት «መንገዱ ሰላም ነው?» ብዬ እደውላለሁ። ፋብሪካ የሚከፍት ሰውም ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። ሰላም ከሌለ 5,150 ሜጋ ዋቱ የቱን ማሽን ያንቀሳቅሳል?

መምህሩ፦
ለሰላሙ መልስ የለኝም። ልዋሽሽ አልፈልግም። ወንድምሽን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ላኪልኝ፤ ሒሳብ አብረን እንሠራለን።

ወጣቷ፦
ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ስለ 1977 ግን አይንገሩት፤ ያንን ከእናታችን ሰምቷል። ከፈተናው በኋላ ሥራ የሚገኝበትን ቦታ ካወቁ፣ እሱን ይንገሩት።