አማልክቱ ስብሰባ ላይ ናቸው

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ ከቢሮ ደጅ ያልተመለሰ አበሻ ያለ አይመስለኝም። የጃፓኖቹ ግን ይብሳል። እዚያ ስብሰባ የሚወጡት አማልክቱ ራሳቸው ናቸው።

በጨረቃ አቆጣጠር አሥረኛው ወር ሲገባ፣ የአገሩ አማልክት ቤታቸውን ጥለው ወደ ኢዙሞ ታይሻ ይሄዳሉ ተብሎ ይታመናል። ሺማኔ በሚባል ገጠራማ ግዛት ያለ፣ ሺንቶ የሚባለው የጃፓን ነባር ሃይማኖት ጥንታዊ መቅደስ ነው። ዋናው ሕንፃ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1744 የተሠራ ነው። ኤቢሱ የሚባለው አምላክ ብቻ ቤት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል አሉ። መቼም የትም ቢሮ አንድ ኤቢሱ አይጠፋም፤ «ማኅተሙ እኔ ጋ የለም» የሚል።

ተሰብሳቢው በአፈ ታሪኩ 8 ሚሊዮን ነው። ማደሪያ የተባሉት ደግሞ በግቢው ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ረጃጅም ቤቶች፤ እያንዳንዳቸው 19 በር አላቸው። የክፍለ ሀገር ዘመድ ጠርቶ ሠርግ የደገሰ ሰው ሒሳቡ ወዲያው ይገባዋል። ስብሰባው እንዳይረበሽ በዱሮው ልማድ የአካባቢው ሰው ዘፈን አይዘፍንም፣ ግንባታም ያቆማል። አበል ስለመኖሩ የተጻፈ አላየሁም።

አጀንዳው? ማን ከማን ይጋባ! አስተናጋጁ የመቅደሱ አምላክ ኦኩኒኑሺ ናቸው። በአፈ ታሪክ ብዙ ሚስት ያገቡ ስለሆኑ የሥራ ልምድ አይጠየቁም።

ስለዚህ ላጤው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። መጀመሪያ ግራ እጅ፣ ቀጥሎ ቀኝ እጅ፣ ከዚያ አፍ መታጠብ አለ። በመንገዱ መሐል መሄድ ነውር ነው፤ መሐሉ የአምላክ ነው። ሌላ መቅደስ ሁለቴ ይጨበጨባል፤ እዚህ አራቴ። ጉዳዩ ትዳር ስለሆነ ሁለቱ ሳይበቃ ቀርቶ ይሆናል። እጅ መንሻው ብዙ ጊዜ 5 የን ነው። በ5 የን ሽማግሌ! የታክሲውን ማን ሊከፍል ነው?

ከ13 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ 5 ቶን ገደማ የሚመዝን የገለባ ገመድም ተሰቅሏል። ሰው ሳንቲም እየወረወረ ገመዱ ላይ ሲሰካለት «ተሳካልኝ» ይል ነበር። ገመዱ ሲጎዳ መወርወር ተከለከለ። ባለጉዳይ መቼም አቋራጭ አያጣም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃፓን ንጉሠ ነገሥት ቤተሰብ የሆኑት ልዕልት ኖሪኮ የዚሁ መቅደስ የካህናት ቤተሰብ ልጅ አግብተው፣ ሠርጉ እዚያው ተደረገ። ወሩ ኦክቶበር ነበር፤ የጨረቃው አሥረኛ ወር ስላልገባ ስብሰባው ገና አልተከፈተም። የቤት ልጅ ወረፋ አይጠብቅም መሰል።

ሌላው ሕዝብ ይጠብቃል። ቃለ ጉባኤው አይለጠፍም። የደረሰችው ሚስት ወይም የደረሰው ባል ያልተስማማው ካለ፣ ቅሬታ የሚታየው ለከርሞ ነው።