«ለወንድምሽ ነው?»

አሁን ገና መግባቴ ነው፤ ጫማዬንም አላወለቅኩ። ካልጻፍኩት ያንቀኛል።

ማይክ ልገዛ ገባሁ። በቃ ማይክ! መድረክ ላይ የምዘፍንበት፣ ቤት ደግሞ ዴሞ የምቀዳበት። ሻጩ ቀና ብሎ አየኝና «ለወንድምሽ ነው?»

«ለራሴ ነው።»

«እ... ለካራኦኬ?»

ኧረ በፈጠራችሁ!

ዋጥ አደረግኩት። ዳይናሚክ ነው የምፈልገው አልኩ፤ ያ ከአፍ ጠጋ ተደርጎ የሚዘፈንበት፣ ራቅ ያለ ድምፅ ብዙም የማይለቅመው ማይክ። «ዳይናሚክ የድሮ ነው የኔ እህት፤ ይሄ የስቱዲዮ ነው» ብሎ የሚያብረቀርቅ ኮንደንሰር፣ ያ ጥቃቅኑን ድምፅ ሳይቀር የሚለቅመውን ማይክ፣ አወጣ። ፋንተም ፓወር (ለማይኩ የሚላክ 48 ቮልት ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል፣ የኛ ሚክሰር፣ የድምፅ ማቀላቀያው፣ ደግሞ የለውም ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ችግር የለም፣ ቻርጅ ታደርጊዋለሽ።»

ቻርጅ!

48 ቮልቱ እኮ ከሚክሰሩ በኬብል ነው የሚመጣው፣ ይሄ ባትሪም የለው ስለው ወደ ጓደኛው ዞሮ «ዩቲዩብ አይታ ነው» አለ። ተሳሳቁ። እኔ እዚያው ቆሜ!

አዎ፣ የድሮ ነው። ሹር ኤስኤም58 የሚባለው ዳይናሚክ ማይክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ዛሬም መድረክ ላይ አለ። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይዘፈንበታል። ያንተን አብረቅራቂ አንዴ ጣለውና እንተያይ።

ኮንደንሰር መጥፎ ነው አልወጣኝም። ክፍሉ የማያስተጋባ ከሆነ እስትንፋስ ሳይቀር ቁልጭ አድርጎ ይይዛል። የኔ ክፍል ግን ባዶ ግድግዳ ነው። ኮንደንሰር ተውሼ ቀድቼበት ነበር፤ ለስለስ ያለው ቦታ ላይ ፍሪጁ እምምም ይላል፣ የጎረቤት ውሻ ይቀበላል፣ ፎቅ ላይ ወንበር ይጎተታል። ተቀባይ አጥቼ አላውቅም ለካ! ዳይናሚኩን ከንፈሬ ስር ሳደርገው ግን የሚሰማው እኔ ነኝ። ጠጋ ስል ደግሞ ቤዙ ወፈር ይላል፤ ለኔ ቀጭን ድምፅ ምርቃት ነው።

ስለ ሳውንድ ማኖችማ አታስጀምሩኝ። ባለፈው የተሰጠኝ ማይክ ሱፐርካርዲዮይድ ነው፤ እሱዬው ሞኒተሩን፣ ዘፋኝ ራሱን የሚሰማበትን ስፒከር፣ ቀጥ አድርጎ ከማይኩ ጀርባ ደቀነው። ካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት ማይክ ቢሆን ልክ ነበር፣ ጀርባው አይሰማም። ይሄ ግን ከጀርባውም ትንሽ ስለሚሰማ ሞኒተሩ ወደ ጎን ገለል ማለት አለበት። ነገርኩት። «አንቺ ዝፈኚ፣ ሳውንዱን ለኛ ተይው።» ገና ከመጀመሬ ማይኩ የሞኒተሩን ድምፅ መልሶ እየያዘ ሲጥጥጥጥ! ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ እኔን ያያል። እሱ ስልኩን ይነካካል። ከኔ በኋላ የወጣው ራፐር ደግሞ የማይኩን ጭንቅላት በመዳፉ አፍኖ ይዞ «ማይኩ ይጮሃል» ይላል። አንተ ነህ የምታስጮኸው! ስታፍነው ከየትም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል። ለሱ ግን ማይክ ቀየሩለት። ለኔ ማን ቀየረልኝ?

ሳልገዛ ወጣሁ። ቅዳሜ ፕሮግራም አለን፤ በዚያው በምንጫወትበት ቤት ማይክ ልዘፍን ነው። የስንት ሰው ምራቅ እንደጠጣ እንጃ፣ ይሸታል። ወንፊቱ እኮ ተፈትቶ ይታጠባል፣ በደንብ ደርቆ ይገጠማል። ማን ይጠበው? ዘፋኝዋ ትጠበው? አጥበዋለሁ መሰለኝ። ኤጭ!