«ምን ጎደለህ?» ከማለታችን በፊት

ያነበብሁት ጽሑፍ ጸሐፊ በአሜሪካ የብዙ ጥቁር ወጣቶች ጭንቀት እንደ ጥጋብ እየተቆጠረ ራስን እስከ ማጥፋት የሚያደርሰው ሕመም ሳይታይ ያልፋል ማለታቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ የእኛም ቤት መሆኑን ቢጨምሩበት በወደድሁ። ትምህርት ቤትም ሆነ መንገድ ላይ የሐበሻ ልጅ የሚታየው እንደ ማንኛውም ጥቁር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ5 እስከ 12 ዓመት ባሉ ጥቁር ልጆች ዘንድ ራስን የማጥፋት መጠን ከነጭ እኩዮቻቸው በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ማሳየቱም ሆነ፣ በ2019 በምክር ቤት አባሏ በቦኒ ዋትሰን ኮልማን የሚመራ ግብረ ኃይል በዚሁ ጉዳይ ዘገባ ማውጣቱ፣ በየማኅበራችን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

የእህቴ ልጅ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። ምሳ ዕቃውን እንደተከደነ ይመልሳል፤ የሚወደውን ኳስም ተወ። እኛ ግን (እኔም አለሁበት) «ሁሉ ተሟልቶልህ ምን ጎደለህ?» እያልን የስደታችንን ታሪክ እንተርክለት ነበር፤ ትምህርት ቤቱም በቁጡነቱ ሁለት ጊዜ አገደው። አፉን የከፈተው እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላ በቀጥታ ስትጠይቀው ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሐሳቡን የሚያስገባ ይመስለናል፤ ባለሙያዎች ግን እንደማያስገባ፣ እንዲያውም ልብን እንደሚያሳርፍ ይናገራሉ።

ጸሎቱና ጠበሉ አይቅር፣ የነፍስ አባቱም ያነጋግሩት፤ ሐኪም ማየቱ ግን አይዘግይ። አሜሪካ ውስጥ ከሐምሌ 2022 ወዲህ ቀንም ሆነ ሌሊት 988 ደውሎ የሠለጠነ ሰው ማነጋገር ይቻላል፤ እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ወላጅም በስልኩ ላይ አስተርጓሚ ይቀርብለታል።