ማስተካከያ፦ በፕሮቲኖች ግንኙነት ካርታ ላይ ስላለው መስመር

ባለፈው ሳምንት በደብረ ብርሃን ለባዮሎጂ መምህራን ባሰራጨነው የካንሰር ሕዋሳት የምልክት አተላለፍ ጽሑፍ፣ «በካርታው ላይ ሁለት ፕሮቲኖችን የሚያገናኝ መስመር አንዱ ለሌላው ትእዛዝ እንደሚሰጥ ያሳያል» ማለታችን ስሕተት ነው። መስመሩ የሚመሰክረው ሁለቱ መጣበቅ መቻላቸውን ብቻ ነው፤ የደብረ ሲናው መንገድ መኪናው ሽቅብ ይውጣ ቁልቁል ይውረድ እንደማይነግረን ሁሉ፣ መስመሩም የምልክቱን አቅጣጫ አይነግረንም። ራስ የተባለው ፕሮቲን (ስሙ የአይጥ ሳርኮማ ከሚለው የመጣ እንጂ ከራስ ቅል ጋር አይገናኝም) ጂቲፒ የተባለውን ትንሽ ሞለኪውል ሲይዝ ራፍ ከተባለው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ራፍ ሜክ የተባለውን፣ ሜክም ኧርክ የተባለውን ፕሮቲን ፎስፌት (ፎስፈረስ ያለበት ትንሽ ኬሚካል) እየለጠፈበት ያነቃል። ይህ ቅደም ተከተል የታወቀው ፎስፌቱ በማን ላይ እንዳረፈ በሚለዩ ሙከራዎች ነው። በብዙ ካንሰሮች የተለወጠው ራስ ጂቲፒውን መሰንጠቅ ስለሚሳነው ምልክቱ ሳይጠፋ ይቆያል።

በእርሾ ውስጥ የፕሮቲኖች ግንኙነት የሚፈተሽበትን ዘዴ ተመራማሪዎቹ ፊልድስና ሶንግ ያሳተሙበት ዓመት 1989 እ.ኤ.አ. መሆኑን አልጠቀስንም፤ በእኛ 1981 ዓ.ም. ነው። በዚህ ዘዴ፣ በሰው ሕዋስ ውስጥ ፈጽሞ የማይገናኙ ፕሮቲኖች በእርሾው ኒውክሊየስ ውስጥ ሊጣበቁ ስለሚችሉ፣ «የተረጋገጠ ግንኙነት» የሚለው አገላለጻችን «በሌላ ዘዴ መፈተሽ ያለበት ግንኙነት» ተብሎ ይነበብ።